እርማቸውን ያላወጡ ደራስያን

አክስቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሞላት። ቴሌግራም ላይ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ግን እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። አርባ ሰከንድ ናት። «ምነው ድምፅህ ጠፋ? ደህና ነህ ወይ ልጄ?» ትላለች። ከኋላዋ ሙቀጫ ይሰማል፤ ቡና እየተወቀጠ ነው። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ያቺ መልእክት አብራ መሻገሯን ነው።

ይህን የሚያውቅ ጓደኛዬ በቀደም አንድ ነገር ነገረኝ። የሟችን ድምፅ፣ ፎቶና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ትሰጠዋለህ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሟቹ አነጋገር ይመልስልሃል። «አክስትህን ታወራታለህ» አለኝ። የምሩን ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በቻይናና በደቡብ ኮሪያ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ። በ2020 አንድ የኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሞተች ልጇን በኮምፒውተር ተሠርታ ያገኘች እናት አሳይቷል። እናትየዋ ባዶ አየር ላይ እጇን ዘርግታ ልጇን ልትዳስስ ስትሞክር ዓለም ተመለከታት። ያጽናናል ወይስ ቁስል ያመረቅዛል የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

እኔ ግን ክርክሩን ስከታተል ሐሳቤ ወደ ኋላ ይሄድብኛል። ሙታንን አነጋግራለሁ ብሎ ቤቱን የከፈተ ሰው ከእኛ በፊት ብዙ ነበር። አብዛኛው በጓዳው ያደረገውን ይዞት ተቀበረ። ደራስያኑ ግን ጽፈው ትተውልናል፤ አንዳንዶቹማ ቃለ ጉባኤ ሳይቀር ይዘዋል። ስለዚህ ነገሩ በሰው ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ሰው የነሱን ቤት ቢያይ ይሻለዋል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ዘንድ ድርጊቱ የቆየ ስም አለው። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ሙታን ሳቢ» ይለዋል፤ ይከለክለዋልም። ንጉሥ ሳኦል ራሱ መናፍስት ጠሪዎችን ከአገሩ አጥፍቶ ነበር። ጦር ሲከበው ግን ልብሱን ለውጦ፣ በሌሊት፣ ወደ ዓይንዶሯ ሴት ሄደ። ሳሙኤልን አስነሺልኝ አላት። ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚይዘኝ ልብሱን መለወጡ ነው። ቀን ቀን ንጉሥ ነው፤ ሌሊት ግን መድረሻ ያጣ ሰው።

አሁን ስፒሪችዋሊዝም የሚባለው እንቅስቃሴ የተነሣው በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃይድስቪል በምትባል መንደር ነው። በመጋቢት 1848 ፎክስ የሚባሉ እህትማማች ልጃገረዶች ግድግዳውን ኳ ኳ እያደረገ የሚመልስልን መንፈስ አለ አሉ። ወሬው ባሕር ተሻገረ። በየከተማው በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆሜ አገናኛለሁ የሚል ሰው ተነሣ፤ ሚዲየም ተባለ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ከእህትማማቾቹ አንዷ ማጊ ኒውዮርክ ውስጥ ሕዝብ ፊት ቆመች። ድምፁን ያወጣነው የእግር ጣታችንን መገጣጠሚያ እያንቋቋን ነው ብላ አሳየች። በዓመቱ ደግሞ ቃሏን አጠፈች። እስከዚያ ድረስ ግን እምነቱ በብዙ ታላላቅ ቤቶች ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ደራስያኑ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ያን የመሰለ ጭንቅላት እንዴት በዚህ ይታለላል?» ይላል። ሌላው «እንዲያ የጻፉት መንፈስ ስላናገራቸው ነው» ይላል። ሁለቱም ቤታቸውን አላዩም። እኔ ታሪካቸውን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ እርሙን ያላወጣ ሰው ነው።

እርም ማውጣት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። አስከሬኑን ሸኝተህ፣ አፈር አልብሰህ፣ ደረትህን ደቅተህ፣ ሰልስት ተቀምጠህ ነው ሞቱ ወደ ውስጥህ የሚገባው። ከዚያ አርባው አለ፣ ተዝካሩ አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ። መርዶ እንኳ ወግ አለው። እናቱ የሞተችበት ሰው እንዲሁ በድንገት አይነገረውም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰባስቦ ማልዶ በሩን ያንኳኳል።

ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ መርዶውን ያነበበው በጋዜጣ ነው።

መስከረም 1843 ነበር። ከስፔንና ከፒሬኔ ተራሮች ጉዞ ሲመለስ ሮሽፎር ከተማ ላይ ዐረፍ አለ፤ ጋዜጣ አነሣ። የመጀመሪያ ሴት ልጁ ሊዮፖልዲን ሴን ወንዝ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ሞታለች ይላል። ዕድሜዋ 19 ነው፤ ካገባች ሰባት ወር ገደማ ነው። ባሏ ሻርል ቫክሪም አብሯት ሞቷል። አደጋው የደረሰው መስከረም 4 ነበር፤ አባት ያነበበው መስከረም 9። እሱ ሳይደርስ ተቀብራለች። ያን ጊዜ አብራው የነበረችው ደግሞ ሚስቱ ሳትሆን ውሽማው ዡልየት ድሩዌ ነበረች። አልቃሾቹ ሌላ ቦታ፣ አባት ሌላ ቦታ። ሁጎ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ብዙም አላሳተመም።

ይህን ሳነብ የሚመጡብኝ በስደት ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ወረቀት ስላልያዘ የእናቱን ቀብር በስልክ ቪዲዮ ያየ ሰው በዋሽንግተንም አለ፣ በሪያድም አለ። ወዳጆቹ ማልደው መጥተው አርድተውታል። ሳሎኑ ውስጥ ተለቅሷል። ቢሆንም አንድ ሰው እንዲህ ብሎኛል፦ «አሁንም ብደውል የምታነሣው ይመስለኛል።»

ሁጎም ስደተኛ ሆነ። በታኅሣሥ 1851 ሉዊ ናፖሊዮን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ አገሩን ጥሎ ወጣ። በ1852 ቤተሰቡን ይዞ ጀርዚ ደሴት ገባ፤ ባሕሩ ዳር ያለ ነጭ ቤት ተከራየ። በመስከረም 1853 የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነችው ደራሲ ዴልፊን ደ ዢራርዳን ከፓሪስ ልትጠይቃቸው መጣች። እጅን ጠረጴዛ ላይ ጭኖ ከሙታን ጋር መነጋገር ያን ጊዜ የፓሪስ ፋሽን ነበር። ለጥቂት ቀናት ሞከሩ፤ ጠረጴዛው ዝም አለ። እሷም ገበያ ወጥታ ባለ ሦስት እግር ትንሽ ክብ ጠረጴዛ ገዝታ መጣች። እግሩ አንዴ ሲመታ ኤ፣ ሁለቴ ሲመታ ቢ እያሉ ፊደል መቁጠር ጀመሩ።

መስከረም 11 ማታ ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ። ማን ነሽ ቢሏት «ልጅ» አለች፤ የሞተች። ቤቱ ሊዮፖልዲን ናት ብሎ አመነ። ደስተኛ ነሽ ወይ አሏት፤ አዎ። የት ነሽ? ብርሃን። ወዳንቺ ለመምጣት ምን እናድርግ? ማፍቀር። እናትየው አለቀሰች። ለአሥር ዓመት ተይዞ የቆየ ልቅሶ ያን ማታ አንድ ላይ ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን እጆች ማየት ያስፈልጋል። ዋናው እጅ የሁጎ አልነበረም፤ የልጁ የሻርል ነበር። የሊዮፖልዲን ወንድም ነው፤ ገና 26 ዓመቱ። ሌላው ኦጉስት ቫክሪ ነው፤ አብሯት የሰጠመው የባሏ ወንድም። እህቱን ያጣና ወንድሙን ያጣ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አጭበረበሩ ለማለት ያስቸግረኛል። እጃቸው ልባቸው የፈለገውን ጻፈ ብል ይቀለኛል።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። ሁለት ዓመት ቀጠለ። ዳንቴ መጣ፣ ፕላቶ መጣ፣ ሼክስፒር መጣ፤ ሼክስፒር በፈረንሳይኛ ስንኝ ይቋጥር ነበር። ስንኙም የሁጎን ቤት አገጣጠም ይመስላል። ከሐዘን የተነሣው ማታ ማታ የሚደረግ የታላላቆች ጉባኤ ሆነ። በ1855 ከተሳታፊዎቹ አንዱ አእምሮው ታወከ፤ ደነገጡና ተዉት። በዓመቱ ሁጎ ያሳተመው ትልቅ የግጥም መድበል በሁለት የተከፈለ ነው፤ ድንበሩ ሊዮፖልዲን የሞተችበት ቀን ነው። እኔ እንደማምነው ሁጎ እርሙን ያወጣው በዚያ መጽሐፍ ነው። ጠረጴዛው መንገድ ከፍቶለት ይሆናል።

ስለዚያ ቤት ሳስብ ከሁሉም በላይ የምታሳዝነኝ በሕይወት የነበረችው ልጅ ናት። ታናሿ አዴል። በስደት ደሴት ላይ፣ ማታ ማታ የሞተች እህቷ በምትጠራበት ቤት ወጣትነቷን ጨረሰች። በ1863 የማይፈልጋትን የእንግሊዝ መኮንን ተከትላ ከቤት ጠፋች። በ1872 አእምሮዋ ታውኮ ተመለሰች፤ በ1915 እስክትሞት ሐኪም ቤት ተዘግቶባት ኖረች። ያሳበዳት ጠረጴዛው ነው አልልም። ለሞተችው ልጅ የተሰጠው ጆሮ ለቆመችው ቢሰጥ ኖሮ ብዬ ማሰቤ ግን አልቀረም።

የእንግሊዞቹ ባልና ሚስት ገጣሚዎች፣ የብራውኒንጎቹ፣ ታሪክ አጭር ቢሆንም ይነገራል። ኤልዛቤት በጣም የምትወደው ወንድሟ በ1840 ባሕር ላይ ሰጠመ። ታማ ስለነበረች አብሯት እንዲቆይ ለምና ያስቀረችው እሷው ነበረች። አስከሬኑ የተገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለሱ አፍ አውጥታ መናገር እንኳ ያቅታት ነበር። በ1855 ለንደን አጠገብ ዳንኤል ሆም የሚባል ዝነኛ ሚዲየም ባለበት ተቀምጣ፣ ከጠረጴዛው ሥር የወጣ እጅ የአበባ ጉንጉን ራሷ ላይ ደፋላት። እሷ አመነች። ሮበርት ተቆጣ። በዚያ ፍቅር በሞላበት ትዳር መካከል ሊያወሩበት የማይችሉት አንድ ርእስ ተፈጠረ። በ1861 እሷ ከሞተች በኋላ ሮበርት አጭበርባሪ ሚዲየምን የሚያጋልጥ ረጅም ግጥም አሳተመ። በሕይወት እያለች አላደረገውም። እኔ ይህን እንደ አክብሮት ነው የማየው።

ወደ አርተር ኮናን ዶይል ልምጣ። የሼርሎክ ሆምስ ፈጣሪ፣ ሐኪም፣ ማስረጃ ካላየ የማያምን መርማሪ ለዓለም የሰጠ ሰው። ስለሱ የሚወራው «ልጁ ሲሞትበት አመነ» ነው። ይህ ስሕተት ነው። ነገሩን ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሲከታተል ነበር፤ ማመኑን በአደባባይ የተናገረው በ1916 ነው። ልጁ ኪንግስሊ የሞተው በጥቅምት 1918 መጨረሻ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሶም ግንባር ላይ ቆስሎ ነበር፣ በኋላ በሳንባ ምች ሞተ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በየካቲት 1919 ደግሞ ወንድሙ ሞተ። ስለዚህ ሐዘኑ እምነቱን አልወለደውም። እምነቱን ሥራው፣ ጉዞው፣ መላ ሕይወቱ እንዲሆን ያደረገው ግን ሐዘኑ ነው። የልጄን ድምፅ ሰምቻለሁ እያለ በየአዳራሹ ተናገረ። አውስትራሊያ፣ አሜሪካ፣ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄደ። በ1925 ለንደን መሃል የመናፍስት መጻሕፍት ብቻ የሚሸጥ መደብር ከፈተ።

አዳራሹን የሚሞሉት እነማን ነበሩ? እናቶች። የእንግሊዝ መንግሥት በ1915 የወታደር አስከሬን ወደ አገር ቤት እንዳይመለስ ከልክሎ ነበር። ከሞቱት የእንግሊዝ ግዛት ወታደሮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የታወቀ መቃብር የላቸውም። ዶይል የራሱን ልጅ ቀብሯል። የሱ ሰሚዎች ግን የሚቀብሩት አልነበራቸውም። መንግሥት ቴሌግራም ላከ፤ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አደረሰች። ከዚያ ያለፈውን «ልጅሽ ደህና ነው፣ ይሰማሻል» የሚለውን ያገኙት ከዶይል ነበር። በዚህ ላይ ለመሳቅ አቅም የለኝም።

ከአስማተኛው ሃሪ ሁዲኒ ጋር የሆነው ግን ነገሩ የት ላይ እንደሚሰበር ያሳያል። ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ። ሁዲኒም የእናቱ ሐዘን አልወጣለትም፤ በ1913 ስትሞት እሱ ለትርኢት ኮፐንሃገን ነበር፤ መርዶው በቴሌግራም ደረሰው። በሰኔ 1922 አትላንቲክ ሲቲ ላይ የዶይል ሚስት ጂን «እናትህ ልትናገርህ ትፈልጋለች» አለችው። እርሳስ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇ በፍጥነት መጻፍ ጀመረ። 15 ገጽ ሞላ። ከላይ መስቀል ምልክት አለው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የሁዲኒ እናት የአይሁድ ረቢ ሚስት ነበረች፤ እንግሊዝኛ አትጽፍም። ሁዲኒ እዚያው ምንም አልተናገረም። ወራት ቆይቶ ግን እንዳላመነ በይፋ ጻፈ። ወዳጅነታቸው ፈረሰ።

ጂን ክፉ ሴት አልነበረችም። ለሐዘንተኛ እናቱን ልትሰጠው ፈለገች። ችግሩ የሰጠችው የራሷን የእናት ምስል መሆኑ ነው። መስቀል የምታማትብ፣ በእንግሊዝኛ የምታጽናና እናት። ሁዲኒ ግን የፈለገው የሱን እናት ነበር። ጓደኛዬ የነገረኝን አገልግሎት ሳስብ የሚቆመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ እርሳሱን የያዘው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ከሐዘን ውጭም ይሠራል። አየርላንዳዊው ገጣሚ ዬትስ በጥቅምት 1917 ጆርጂ ሃይድ ሊስን አገባ። እሱ 52፣ እሷ 25። ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ሴት፣ ቀጥሎም የዚያችኑ ሴት ልጅ ጠይቆ ሁለቱም እምቢ ብለውታል። ሙሽራዋ ይህን ታውቃለች። የጫጉላው ቀናት ጭልም ያሉ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ጆርጂ እጄ በራሱ ይጽፋል ብላ እርሳስ አነሣች። ወረቀቱ ላይ የመጣው ቃል ደግ አደረግህ፣ ትክክለኛዋን አገባህ የሚል ዓይነት ነበር። ዬትስ ተነቃቃ። በሚቀጥሉት ዓመታት 450 ያህል ጊዜ ተቀመጡ፤ ከ3,600 ገጽ በላይ ጻፉ። መናፍስቱ የመጣነው ለግጥምህ ዘይቤ ልንሰጥህ ነው አሉት። ጎን ለጎን ደግሞ ሚስትህን አታድክማት፣ ዕረፍት ስጣት ይሉታል። ስለ ልጅ መውለድ ሳይቀር ይመክሩታል።

ጆርጂ ስታረጅ አንድ ነገር ተናግራለች። መጀመሪያ አስመስላ ልትጽፍ አስባ ነበር፤ ቆይቶ ግን እጇን የሆነ ነገር የያዘው መሰላት። ይህን ለጎንደር ሴት ብትነግራት አይገርማትም። ባል ሚስቱን እምቢ ይላል፤ ዛሯን ግን እምቢ አይልም። ሽቶ አምጣ፣ ቀሚስ ግዛ፣ አትጩህባት የሚለው ዛሩ ነው። በራሷ አፍ ብትለው የማይሰማትን በዛሩ አፍ ይሰማታል።

ይህን ቀርቦ ያየ ደራሲም አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘ የጥናት ቡድን ጸሐፊ ሆኖ ጎንደር ገባ። መልካም አያሁ የምትባል የዛር አለቃ ቤት ለወራት ተመላለሰ፤ አባ ጀሮም ያስተረጉሙለት ነበር። መሥዋዕት ሲታረድ ቆሞ አየ። የመልካም አያሁን ልጅ እማዋይሽን ልቡ እንደፈቀዳት ማስታወሻው ላይ አልደበቀም። የተያዙትን ከማጥናት እኔው ብያዝ እመርጥ ነበር ብሎም ጻፈ። ብዕሩን ግን ማስቀመጥ አልቻለም። በ1958 ባሳተመው ጥናት ዛርን ከትያትር ጋር አስተያየው። የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ትያትር ነው አለ፤ የሚያደርገውም ሰው የት ላይ ማስመሰሉ እንደሚያበቃ ሁልጊዜ አያውቀውም። የጆርጂን እጅ ከዚህ የተሻለ የገለጸልኝ የለም።

እንግዲህ በእነዚህ ቤቶች ሁሉ እርሳሱን የያዘው ሰው ነበር። ሻርል እህቱን ያዝናል። ኦጉስት ወንድሙን ያዝናል። ጂን ለባሏ ወዳጅ ታዝናለች። ጆርጂ ትዳሯን ታድናለች። ሲታመሙ ይቆማሉ፣ ሲፈሩ ይቆማሉ፣ ሲበቃቸው ይቆማሉ። ስልኬ ላይ የሚመልስልኝ ነገር ግን ለአክስቴ አያዝንም። አይደክመውም፣ ሌሊት ቢሆንም ይመልሳል። ሂሳቡም በየወሩ ይቆረጣል። በርታ፣ በቃህ የሚለኝ ሰው በመካከላችን የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ውሸት መሆኑ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተነሥቶ «በሉ እንግዲህ፣ ይበቃል» የሚል ሽማግሌ የሌለው መሆኑ ነው።

የአክስቴን ድምፅ አልሰጠሁም። መልእክቷም አልጠፋችም። አሁንም አርባ ሰከንድ ናት፤ ሙቀጫውም ይሰማል።

ሁዲኒ በጥቅምት 31 ቀን 1926 ሞተ። ከሞት በኋላ መመለስ የሚቻል ከሆነ መጥቶ የሚነግራት የምስጢር ቃል ከሚስቱ ከቤስ ጋር ነበራቸው። ቤስ በፎቶው አጠገብ መብራት አብርታ ጠበቀችው። በየዓመቱ በሞተበት ቀን ትጠራዋለች። በ1936 በዚያው ቀን፣ ሆሊውድ ውስጥ አንድ ሆቴል ሰገነት ላይ ሰዎች ተሰብስበው ለመጨረሻ ጊዜ ጠሩት። አልመጣም። ቤስ ከእንግዲህ እንደማይመጣ አምናለሁ አለች። ደህና እደር ሃሪ ብላ፣ አሥር ዓመት የነደደውን መብራት በገዛ እጇ አጠፋችው።